ኮክ የተከልን ሰዎች እሮሮ

አገር ቤት ኮክ አጥር ጥግ ይበቅላል። ማንም አይገርዘው፣ ማንም አያስረው፤ ልጆች ወጥተውበት እየሰበሩትም ያፈራል። ይህን ለምደን የመጣን ሰዎች ነን እንግዲህ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዴን ሃግ ውስጥ በተከራየናት ቁራጭ መሬት ላይ ኮክ ተክለን ፍዳችንን የምናየው።

መጀመሪያ መግረዙ። ፖም በብርዱ ወራት ይገረዛል። ኮክ ግን በብርድ አይነካም፤ በእርጥብ ብርድ የተቆረጠበት ቁስል ቶሎ አይድንም፣ በሽታ ይገባበታል። እሺ፣ ብርዱ ይለፍ። ብርዱ ሲያልፍ ዝናብ። ዝናቡ ሲያባራ እኛ ሥራ ላይ። ከሥራ ስንወጣ ሌላ ዝናብ።

አለመግረዝም አይቻልም። ኮክ የሚያፈራው አምና በበቀለ ቀንበጥ ላይ ነው። ያፈራው ካልተቆረጠ አዲስ አይተካም፤ ፍሬው በየዓመቱ ወደ ጫፍ ይሸሻል፣ መሐሉ ራቁቱን ይቀራል፣ እኛም መሰላል ፍለጋ የጎረቤት በር እናንኳኳለን።

ከዚያ ማሰሩ። ኮክ ሙቀት ይፈልጋልና ቅርንጫፎቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ ማሰር ነው። ዴን ሃግ አጠገብ ያለው ቬስትላንድ የመስታወት ቤቶቹ ሳይመጡ በፊት ወይንና ኮክ የሚያበስለው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ግንብ ላይ ነበር። ለኛ ግንቡ ከየት ይምጣ? ደቡብ የሚያየው ግድግዳ የሰው ነው። የኛው ሰሜን ያያል።

አስረነው በመጋቢት አበበ እንበል። ንቡ ገና አልወጣም፤ በለስላሳ ብሩሽ ከአበባ አበባ እየዞርን ብናኙን እናዳርሳለን። በማግስቱ ሌሊት ውርጭ ይወርድና የአበባው መሐል ይጠቁራል። እዚህ አገር ውርጭ እስከ ግንቦት መጀመሪያ አይታመንም።

ከውርጭ የተረፈውን ዝናብ ይቀበለዋል። ማበጥ በጀመረው እምቡጥ ላይ ሲወርድ ፈንገሱን ይዞ ይገባል፤ ቅጠሉ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጨማደዳል፣ ይረግፋል። ዛፉ ያለውን አቅም አዲስ ቅጠል በማውጣት ይጨርሰዋል፣ ፍሬው ይራባል።

ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ደግሞ ራሳችን መልቀም አለብን! በሁለት ፍሬ መሐል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተተወ ኮኩ ቆዳና ዘር ብቻ ይሆናል። ስንት የለፋንበትን ጥሬ ፍሬ በገዛ እጅ መሬት ላይ መጣል አንጀት ይቆርጣል። ያተረፍነውንም ሦስቱን ከተሞች የሞሉት አረንጓዴ በቀቀኖች እየነከሱ ይጥሉታል።

ታዲያ እንንቀለው? የለም። የሚያዋጣውን እናውቃለን። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ከላዩ ላስቲክ ወጥረን፣ ጎኑን ለአየር ክፍት ትተን ከዝናብ እንከልለው። ፍሬው እንደተለቀመ ያፈራውን ቀንበጥ በደረቅ ቀን እንቁረጥ፣ አዲሱን በቦታው እንሰር። ፍሬውንም ሳንሳሳ እናሳሳ።

ለእናንተ ለባለ ግድግዳዎች አንድ ልመና አለን፦ ደቡብ የሚያየው ግድግዳችሁ ባዶውን ቆሟል። ሽቦ እንድንዘረጋበት ፍቀዱልን፤ ኮኩን እንካፈላለን።