መጨመር እንጂ መቀነስ የለም

አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጥሮ ምግብ የማያደንቅ ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል። ስኳር፣ ግፊትና ኮሌስትሮል የሰርግ ቤት ወሬ ከሆኑ ወዲህ፣ ስለ ተልባ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ጥቁር አዝሙድ ሁሉም የሚመክረው አለው። የሚገርመኝ፣ ይህ ሁሉ ጤናማ ነገር ወደ ገበታችን ሲመጣ ቦታ የሚለቅለት መጥፋቱ ነው።

አንድ የማከብራቸው ጋሼ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ተልባ በጥብጠው ይጠጣሉ። «ትናንት የገባውን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣልኛል» ይላሉ። ተልባ መቼም ፋይበር አለው፤ ዝልግልግ ነው፤ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል። የትናንቱን ኃጢአት ማስተስረዩን ግን ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ኅሊናቸው ከጸዳ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ማኪያቶ በሦስት ስኳር ያዛሉ፤ ከጎኑም በፉርኖ ዱቄት የተሠራ፣ ዘይት የጠገበ ቦምቦሊኖ።

ጁስ ቤት ብንገባም ያው ነው። ግድግዳው ላይ «መቶ በመቶ የተፈጥሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ እውነትም አቦካዶው ዓይናችን እያየ ነው የሚቆረጠው። ከዚያ ስኳሩ ይገባል፤ ብርጭቆው ሲሞላ ደግሞ ከላይ ቪምቶ ይፈስበታል። በቀደም አንዲት ልጅ አስተናጋጁን ጠርታ «ወንድሜ፣ ስኳር እንዳታደርግበት፣ ጤናዬን እየጠበቅኩ ነው» አለችው። ራቅ ሲል መልሳ ጠራችው፦ «ቪምቶውን ግን በዛ አድርገው።»

ቀይ ጤፍም ቀን ወጥቶለታል። ድሮ ነጩ ማኛ የጌታ፣ ቀዩ የሎሌ ነበር። ዛሬ «ብረት አለው» ተብሎ ባለ መኪናው ቀዩን ፍለጋ ወፍጮ ቤት ለወፍጮ ቤት ይዞራል። የጤፍ ፍሬ ከማነሱ የተነሳ ሽፋኑን ፈትጎ መለየት አይመችም፤ ከነሽፋኑ ይፈጫል። ስለዚህ እንጀራ በላተኛ ነጭም ይብላ ቀይ፣ ሳያስበው ሙሉ እህል ሲበላ ኖሯል። (አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ነገሩ ገብቶት በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት እስከ ማስመዝገብ ደርሶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ አደረገበት።) እኛ ግን ብረት ያለውን እንጀራ ዘርግተን፣ የሚረጋ ዘይት የዋኘበትን ወጥ እናፈስበታለን። የአጃ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከደጋችን የሚታጨደው ለአጥሚት ብቻ ቀርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ በቆርቆሮ የመጣው አጃ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተከብሮ ተቀምጧል።

ጾማችንንም አልማርነውም። የኦርቶዶክስ ጿሚ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ የትም አገር ያለ ሐኪም ለታካሚው የሚመኘው ገበታ ነው። አሁን የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ክሬም መጥቷል። ቅቤው ወጥቶ ማርጋሪን ገብቷል። ለነፍስ ተጠንቅቀናል፤ የደም ሥርን ግን ያማከረው የለም።

ከሁሉም የሚብሰው የታመመ ጥየቃ ነው። ስኳር አልጋ ላይ ላዋለው ሰው ምን ይዘን እንሄዳለን? የታሸገ የማንጎ ጁስ፣ ብስኩት፣ አንዳንዴም ለስላሳ በደርዘን። ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ መግባት ያሳፍራል፤ በሶ ቋጥሮ መሄድማ ገጠሬ ያሰኛል። በ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለጤነኛውም ቢሆን የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባያልፍ ይመርጣል። በሽተኛው እንደማይጠጣው እኛም እናውቃለን፤ ሚስቱም ታውቃለች። «ምነው ተቸገራችሁ!» ብላ ተቀብላ አልጋ ሥር ትደረድረዋለች። ጁሱ አይበላሽም፤ በሳምንቱ ጎረቤት ሲታመም ይነሳና ይሄዳል፤ እዚያ ሰንብቶ አራስ ቤት ይገባል፤ ከአራስ ቤት ሐዘን ቤት ይደርሳል። ያ ካርቶን አፍ ቢኖረው የሰፈሩን የጤና ታሪክ አንድ በአንድ ይነግረን ነበር።

ለነገሩ ማታ ሁለት ሰዓት ከሥራ ገብታ ለልጆቿ የታሸገ ኑድልስ በምትቀቅል እናት መሳቅ ነውር ነው። እሷ ያጣችው ጊዜ ነው። የምስቀው ጊዜውም ገንዘቡም ምክሩም በሞላን በእኛ ነው።

መጨመር ብቻውን የማያዋጣበትን ምክንያት አንድ ሙከራ በደንብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን አስገብተው፣ ሁለት ሳምንት ፋብሪካ እንደ ልቡ የሠራውን ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካውን አቀረቡላቸው። በሁለቱም ገበታ የቀረበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር ተቀራራቢ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል መብላትም ይችላሉ። ሰዎቹ በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ። እንግዲህ ለዚህ ተልባ ምን ያድርግ?

ኮንሶ ውስጥ የሞሪንጋ ቅጠል ከኩርኩፋ (ከተድበለበለ የእህል ሊጥ) ጋር ተቀቅሎ የሚበላ ምሳ ነው፤ እንደ ጎመን። አዲስ አበባ ሲደርስ ደርቆ፣ ተፈጭቶና ታሽጎ መድኃኒት ይሆናል። ባለፈው አንድ ሱቅ ቆሜ አንዲት ሴት ዱቄቱን እያገላበጠች ሻጩን ስትጠይቀው ሰማሁ።

«አወሳሰዱ እንዴት ነው?»

«አንድ ማንኪያ፣ ከምግብ በኋላ።»

«በርገርም ቢሆን?»

ሻጩ ትንሽ አሰበ።

«ለበርገርማ ሁለት ማንኪያ ነው፣ እህቴ።»