ለታፔላ የምትሰግድ መኪና

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በ1964 ዓ.ም. ነው። የተማርኩበት ላንድሮቨር የመብራት መቀየሪያው ወለሉ ላይ ነበር፤ በግራ እግር፣ ከፍሪሲዮኑ አጠገብ። ከፊት መኪና ሲመጣ ረገጥ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ረገጥ። ዛሬ ጉልበቴ ቢያስለቅሰኝ ግማሹ ዕዳ የዚያ ቁልፍ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ዘመን "ዓይኔን አጠፋኸው" ብሎ የሰደበኝ ሰው የለም። በ74 ዓመቴ ተሰደብኩ። ያውም ሳልነዳ፣ ጋቢና ተቀምጬ!

የእህቴ ልጅ፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንደ ጓደኞቹ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ስክሪኑ የእኛን ቤት ቴሌቪዥን ያክላል፤ ግማሹ ጽሑፍ ደግሞ ቻይንኛ ነው። ከመቂ ሰርግ ስንመለስ መሸብን። የፍጥነት መንገዱን ትተን አሮጌውን ያዝን፤ እህቴ ከመንገድ ዳር ሽንኩርት ካልገዛሁ ብላ ነው።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ ረጅሙን መብራት ራሷ ታበራለች፣ ራሷ ዝቅ ታደርጋለች" አለኝ።

"አንተስ ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?"

ሳቀ። የዛሬ ልጆች መልስ ሲጠፋቸው ይስቃሉ።

ነገሩን አስረዳኝ። ከስፖኪዮው ጀርባ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ካሜራ አለች። የሚመጣ መኪና የፊት መብራት ወይም ከፊት የሚሄድ መኪና ቀይ የኋላ መብራት ስታይ አጭሩን ታበራለች፤ ካላየች ረጅሙን ትለቃለች። በዝግታ ሲነዳ አትሠራም፤ ፍጥነቱ እስኪጨምር ትጠብቃለች፤ ስንት ላይ እንደምትነሳ እንደ መኪናው ይለያያል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው አይሱዙ ሲመጣ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ዝቅ አደረገችለት። ተናደድኩ። የምቆጣበት ነገር አሳጣችኝ።

ብዙ አልቆየሁም፣ ጋሪ መጣ። ባለጋሪው መብራት የለው፣ ፈረሱም የለው። ካሜራዋ ፈለገች፣ አምፖል አጣች፣ "መንገዱ ባዶ ነው" ብላ ያላትን ብርሃን ሁሉ ፊቱ ላይ ደፋችበት። ፈረሱ ደነበረ። ሰውየው ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ አንድ ቃል ወረወረ፤ ለመስማት መስኮት ማውረድ አላስፈለገም። እህቴ ከኋላ "በስመ አብ!" አለች።

ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ዳር አዲስ ታፔላ ቆሟል፤ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ። መኪናችን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ዝቅ አለችለት! ለሰው ያልሰገደች ለቆርቆሮ ሰገደች። እኔም "ይቺ መኪና የባለሥልጣን ልጅ ናት፤ መብራት ያለውን ብቻ ታከብራለች" አልኩ። ልጁ "ጋሼ ደግሞ" ብሎ ዝም አለ።

ረጅሙ መብራት አያስፈልግም አልልም። ከዓለም ጤና ከተማ ወዲህ የተበላሸ ሲኖትራክ መንገድ ላይ ቆሞ፣ የኋላ መብራቱ ጠፍቶ፣ ከኋላው የተደረደረውን ድንጋይ ከሩቅ ያየነው በረጅሙ ነው። ይህን አልክድም። የእኔ ጠብ ዳገት ላይ ነው። ሾፌር የነበረ ሰው፣ ከዳገቱ ማዶ መኪና ሲመጣ አምፖሉን ሳያይ ብርሃኑን ያያል፤ አቧራው ይነጣል፣ የግራሩ ጫፍ ይበራል። ያኔ ዝቅ ያደርጋል። ካሜራዋ ግን አምፖሉ እስኪወጣ ትጠብቃለች። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 22 ሜትር ይበላል፤ ከወዲያ የሚመጣውም እንደዚያው። በዚያች ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ዕውር ሾፌሮች ይገናኛሉ። ጠመዝማዛው ላይም ያው ነው።

"ቴክኖሎጂው ገና አዲስ ነው፣ ይሻሻላል" ይለኛል ልጁ። አዲስ? ጄኔራል ሞተርስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1952 ካዲላክና ኦልድስሞቢል ዳሽቦርድ ላይ "ኦትሮኒክ አይ" የሚባል ዓይን ተክሎ፣ የሚመጣን ብርሃን ሲያይ መብራቱን ዝቅ ያደርግ ነበር። እኔ ያኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። እኩያዬ ነው ማለት ነው። እኔን "አርጅተሃል" ብለው መሪ የነጠቁኝ፣ እሱን "አዲስ" ይሉታል።

መኪናውን አስቆምኩት። "አጥፋው" አልኩ። ስክሪኑን ቢጎረጉር ቢጎረጉር፣ ቻይንኛ። በመጨረሻ ከፍሬቻው ዘንግ ጫፍ ላይ አገኘው፤ እጁ ሥር ነበር። ማጥፊያውን ሳያውቅ ማታ የሚነዳ ሰው! መኪናው ቆሞ ሳለ፣ በቀን፣ ሊፈልገው ይገባ ነበር። ከዚያ መስታወቱን አየሁ። የኮካ ትንኝ ተለጥፎበታል፣ ቦሎው ካሜራዋ ፊት ተገትሯል፣ የእህቴ መቁጠሪያ ከስፖኪዮው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ዓይኗን ሸፍነን ነው ለካ እንድታይ የጠየቅናት። ቦሎውን ልጁ ነቅሎ ጥግ ላይ ለጠፈ። ስለ መቁጠሪያው ከእህቴ ጋር የተነጋገርነው እዚህ አይጻፍም።

ልጁንም አስማልኩት። ከተማ ውስጥ፣ ዝናብ ሲበረታ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ይዘጋዋል፤ በጉም ረጅም መብራት ማለት ራስ ላይ ነጭ ነጠላ መከናነብ ነው። ጭር ባለ አገር ሲከፍተውም ጣቱ ከዘንጉ አይርቅ፤ ትራፊክ ፖሊስ ካሜራዋን አይከስም።

ተነሳን። ሌላ ጋሪ ብቅ አለ። ልጁ በእጁ ዝቅ አደረገ፣ ከሩቅ፣ እንደ ሰው። ባለጋሪው አለንጋውን ከፍ አደረገ። ሰላምታ ይሁን ዛቻ በዚያ ጨለማ አልለየሁም። ልጠይቀው ዞር ስል እህቴ "ሽንኩርቴ!" ብላ ጮኸች። ሞጆ ልንገባ ነው።