የሰማህ ላልሰማ አታሰማ!
ምልክት የሌላቸውን በሮችና ከበስተጀርባቸው የሚቀዳውን ኮክቴል ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ግን ላልሰማ አታሰማ! ነጋሪቱ በፎጣ ተጠቅልሎ በሁለት ጣት ብቻ ይጎሰም።

አሜሪካ ከጃንዋሪ 17 ቀን 1920 እስከ ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ድረስ አስካሪ መጠጥ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን በሕገ መንግሥቷ ከልክላ የነበረች በመሆኑ፤ መጠጣቱን ግን መከልከል የዘነጋች በመሆኑ፤

በዚያ ዘመን ስፒክኢዚ የተባሉት ስውር ባሮች የተደበቁት ፖሊስ ፈርተው በመሆኑ፤

ክልከላው ከተሻረ ዘጠና ዓመት አልፎትም፣ ፈቃድ ያለው፣ ግብር የሚከፍልና በየጊዜው የሚመረመር ባር ዛሬም ከመጻሕፍት መደርደሪያ ኋላ ተሸሽጎ የሚገኝ በመሆኑ፤ ከማን እንደሚሸሸግ ቢጠየቅም የሚመልስ በመጥፋቱ፤

እኛ ማንም ያልመረጠን፣ በሩን ግን ያገኘነው፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ አጭር ርዕስ አለው። አይነገርም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«በር» ማለት በር የማይመስል ማንኛውም ነገር ሲሆን የስልክ ሳጥንን፣ የፍሪጅ መዝጊያንና የልብስ ቁም ሣጥንን ይጨምራል። በር የሚመስል በር ይህ አዋጅ አይመለከተውም፤ በራሱ ይኑር።

«ምስጢር» ማለት አድራሻው፣ ፎቶው፣ የሚከፈትበት ሰዓትና የእንግዶች አስተያየት ስልክ ላይ ተሟልቶ የሚገኝ ነገር ማለት ነው።

«ኮክቴል» ማለት በኒው ዮርክ ከነግብሩና ከነቲፑ ሃያ አምስት ዶላር ገደማ የሚያስከፍል፣ አብዛኛውን ቦታ በረዶ የያዘበት መጠጥ ነው።

«ዓመት» ማለት በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተነገረ ዓመት ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ እውነተኞቹ ተሸሻጊዎች

ለፎቶ የሚሸሸግ ሁሉ፣ እስር ፈርተው ይሸሸጉ ለነበሩት የሚገባቸውን ክብር ይስጥ። በኒው ዮርክ በምዕራብ 52ኛው ጎዳና ቁጥር 21 ላይ የነበረው ቤት የበኩር ልጅነት ማዕረግ ተሰጥቶታል። የወይን ማከማቻው በር ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን፣ ከጡብ ግድግዳው ጋር አንድ መስሎ የተሠራ ነበር፤ የሚከፈተውም ቀጭን የብረት ዘንግ በአንዲት ቀዳዳ ሲገባ ብቻ ነው። ላይ ያለው የባሩ መደርደሪያ ደግሞ ፖሊስ ሲመጣ ጠርሙሶቹን ቁልቁል ወደ ፍሳሽ የሚደፋ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ይህ አይደለም። ማከማቻው የሚገኘው በጎረቤቱ፣ በቁጥር 19 ሥር ነበር። ስለዚህ መርማሪ መጥቶ «እዚህ ቤት መጠጥ አለ?» ቢል «እዚህ ቤትስ የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ መላሹም አልዋሸም። የእኛ ሕግ አዋቂዎች ይህን በሰሙ ጊዜ ተነሥተው እጅ ነሥተዋል።

በሕግ በኩል የተሰለፉትም አይረሱ። ኢዚ አይንስታይን የተባለው የቀድሞ የፖስታ ሠራተኛ ከባልደረባው ከሞ ስሚዝ ጋር ሆኖ አንዴ መቃብር ቆፋሪ፣ አንዴ ዓሣ አጥማጅ እየመሰለ 4,932 ሰው አስይዟል። አንዳንዴም ቀጥ ብሎ ገብቶ «የክልከላው ፖሊስ ነኝ፤ አንድ ቅዱልኝ» ይል ነበር ይባላል። ባለቤቱ በሳቅ እየፈረሰ ይቀዳለታል፤ ኢዚም ይይዘዋል። ዛሬ በር ላይ የሚቆመው ጠባቂ ስም ዝርዝር ሲያገላብጥ የሚያሳየው ኮስታራነት የኢዚን ሩብ ያህል ሥራ ቢሠራ ኖሮ ዝም ባልነው።

የክብር ኒሻኑን ግን የወሰደው ጆርጅ ካሲዲ ነው። ይህ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ፣ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለሕግ አውጪዎች ለዓመታት መጠጥ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ከተያዘ በኋላ በ1930 ዋሽንግተን ፖስት ላይ በተከታታይ ጻፈ፤ ከአምስቱ የምክር ቤት አባላት አራቱ ጠጪ ናቸው አለ። የማንንም ስም ግን አልጠራም። ቀን ባወጣው እጁ ሕጉን የደገፈ፣ ማታ በዚያው እጁ ጠርሙስ የሚቀበል እንደራሴ ለዚህ አዋጅ አርቃቂዎች አርአያ ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ነጋሪቱ ለጥቂት ይቁም። የፋብሪካ አልኮል ወደ መሸታው ገበያ እንዳይሾልክ የአሜሪካ መንግሥት መርዝ እንዲጨመርበት አዝዞ ነበር፤ መሾለኩ ግን አልቀረም። የጠጡት ታወሩ፣ ብዙዎችም ሞቱ። የኒው ዮርክ ከተማ ዋና የአስከሬን መርማሪ ቻርልስ ኖሪስ ወጥቶ ተጠያቂው መንግሥት ነው ሲል ተናገረ። በመታጠቢያ ገንዳ የተበጠበጠውን ጂን ለመዋጥ ማርና ሎሚ ያስፈለገውም ክፋቱን ለመሸፈን ነው ይባላል። ስለሆነም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «የዚያን ዘመን ትክክለኛ ጣዕም ስጠኝ» የሚል እንግዳ ምን እንደጠየቀ በትሕትና ይነገረው።

አንቀጽ 4፦ ስለ መግቢያ

በኒው ዮርክ ኢስት ቪሌጅ፣ ሴንት ማርክስ ፕሌስ ቁጥር 113፣ የሆት ዶግ መሸጫ ውስጥ የስልክ ሳጥን ቆሟል። ገብተህ ስልኩን ታነሣለህ፤ የሳጥኑ ጀርባ ይከፈታል። በ2007 ይህ ባር ሲከፈት የወጣለት ስም ትርጉሙ «እባክህ አትናገር» ነው። አትናገር ባዩ ቤት በ2011 የኮክቴሎቹን አሠራር ሙሉ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ፤ በ2012 ደግሞ ከመላው አሜሪካ ባሮች ተመርጦ የጄምስ ቢርድን ሽልማት ወሰደ። ኮክቴሉ ሽልማቱ የሚገባው ነው፤ አንከራከርም። ሆኖም ምስጢሩን አሳትሞ የሸጠ ቤት እንግዳውን «ለማንም እንዳትል» ብሎ ማስጠንቀቅ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል።

የይለፍ ቃልም እንዲሁ። በክልከላው ዘመን ቃሉን የሚያገኘው ዋስ የሚሆነው ወዳጅ ያለው ሰው ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ በ2006 የተከፈተው በርበን ኤንድ ብራንች ግን ቃሉን የሚሰጥህ ቦታ ስታስይዝ ነው። ቃሉን በር ላይ የረሳ ሰው በረሳው ልክ አይገሠጽ፤ ስልኩን አውጥቶ ያንብብ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሥነ ሥርዓት

ሳሻ ፔትራስኪ በ1999 የመጨረሻ ሌሊት በኒው ዮርክ ኤልድሪጅ ጎዳና ቁጥር 134 ላይ ሚልክ ኤንድ ሃኒ የተባለችውን ጠባብ ባር ከፈተ። ምልክት አልሰቀለም፤ ስልክ ቁጥሩም ለወዳጅ ካልሆነ አይሰጥም ነበር። ዛሬ ይህን የሚኮርጁት ሁሉ የዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ሰውየው የተደበቀው ለማማር አልነበረም። አካባቢው ሰው የሚኖርበት፣ ሌሊት የሚተኛበት ሰፈር ነው፤ ረጅም ሰልፍና ጫጫታ በሩ ላይ እንዳይፈጠር ነው ቤቱን ጸጥ ያደረገው። ከእሱ በፊት በ1990ዎቹ ኢስት ቪሌጅ ውስጥ፣ በጃፓን ምግብ ቤት በኩል ይገባበት የነበረው ኤንጅልስ ሼር ባርም ከአራት በላይ ሆኖ መምጣትን፣ ቆሞ መጠጣትን አይፈቅድም ነበር፤ ፔትራስኪም ከዚያ ተምሯል።

የቤቱን ደንብ ጽፎ ለጥፏል። አትጩኹ፤ ወንዶች ባርኔጣ አውልቁ፤ የታዋቂ ሰው ስም እየጠራችሁ አትኩራሩ፤ ወንድ ሳይተዋወቅ ሴት አጠገብ ሄዶ አይለክፍ፣ እሷ ካናገረችው ግን ይመልስ፤ ቤታችሁ ውስጥ ብቻውን ትታችሁት የማትወጡትን ሰው ይዛችሁ አትምጡ፤ ስትወጡ ቶሎና በጸጥታ ውጡ፣ ማዶ የተኛ ሰው አለ። እኛ ይህን ደንብ አንድ ፊደል ሳንነካ አጽድቀናል። ይልቁንም ይዛችሁ ስለምትመጡት ሰው የተባለው በሠርግም፣ በማኅበርም፣ በምርጫም ጊዜ ተፈጻሚ እንዲሆን ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።

ፔትራስኪ በ2015 በ42 ዓመቱ ዐረፈ። ኮራጆቹ በሩን ወሰዱ፤ ደንቡን ግን ግድግዳው ላይ ትተውት ሄዱ። በመደርደሪያ ኋላ ገብተን ሙዚቃው ጆሮ የሚበጥስ ሆኖ ያገኘነው ባር ስሙ ስውር ባር ሳይሆን የጠፋ ባር ነው።

አንቀጽ 6፦ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖች የተሰጠ ልዩ ድንጋጌ

ዘ ጊብሰን የተባለው ባር በ2008 በ14ኛው ጎዳና፣ ከዩ ስትሪት አጠገብ፣ ምልክት በሌለው በር ሥራ ጀመረ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተሰለፉበት ከ9ኛው ጎዳና በእግር የሚደረስበት ነበር። ክትፎ በልቶ ወደዚህ ዓይነት ባር የሚሻገር ወገን የሚከተለውን ይወቅ።

የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም፤ ለሁለት ሰዓት የተያዘች ወንበር ሁለት ተኩል ላይ የሌላ ሰው ናት። ለአራት ሰው ቦታ አስይዞ አሥራ አንድ ሆኖ መምጣትና «የእህቴ ልጅ ናት፣ ትንሽ ጠጋ በሉልን» ማለት ክልክል ነው። በሩ የጠፋበት ሰው ታክሲ ነጂውን የአገሩን ልጅ ይጠይቅ፤ እሱ የማያውቀው በር ከተማው ውስጥ የለም።

ሂሳብ ለመክፈል መታገል ቢሉ እስኪከፈት ድረስ ተፈቅዷል። ቢሉ ከተከፈተ በኋላ ታናሹ «ጋሼ፣ እርስዎ እያሉማ እኔ ልክፈል ማለት ነውር ነው» ቢል እንደ አክብሮት ይቆጠርለታል። ጋሼም «አይ ልጄ፣ ዘመኑ የእናንተ ነው» ብለው መመለስ መብታቸው ነው።

በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አይቶ ጠላ ቤት መሆኑን እያወቀ ያደገ ሰው ስም ባልተጻፈበት በር ፊት አፉን ከፍቶ አይቁም። ጣሳው ግን ማንንም አይደብቅም፤ ግቡ ነው የሚለው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ባርቴንደሩ

ጢሙን በሰም ማሾልና የሱሪ ማንገቻ ማድረግ ይችላል። ስለ በረዶው አፈጣጠር ከሁለት ደቂቃ በላይ መተረክ አይችልም።

አንቀጽ 8፦ ስለ ዋጋ

በ1920ዎቹ የኒው ዮርክ ስውር ባሮች እመቤት የነበረችው ቴክሳስ ጊናን እንግዶቿን «ጤና ይስጥልኝ ሞኞች!» እያለች ትቀበል ነበር፤ እነሱም ደስ እያላቸው ይከፍሉ ነበር። ዛሬ ያው ዋጋ ያለ ሰላምታው ይጠየቃል። ቤቱ ከሁለት አንዱን ይምረጥ፦ ወይ ዋጋውን ይቀንስ፣ ወይ እውነቱን በር ላይ ይናገር።

አንቀጽ 9፦ ስለ ቅጣት

የመጠጡ በረዶ እስኪሟሟ ፎቶ ሲያነሣ የተገኘ፣ ውሃውን ይጠጣ።

አንቀጽ 10፦ የተሻሩ ልማዶችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

የሐሰት መጻሕፍት መደርደሪያ፣ የሚያፈጥ የበር ቀዳዳና «ማን ላከህ?» የሚል ጥያቄ ተሽረዋል። አዋጁ በየትም ሳይታተም ከዛሬ ማታ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ባለ ባሮች ሆይ! በሩን የደበቃችሁት ጎረቤት እንዲተኛ ከሆነ ደብቁት፤ እኛም በጸጥታ ገብተን በጸጥታ እንወጣለን። ለፎቶ ከሆነ ግን ምልክታችሁን ስቀሉና አስገቡን፤ ውጭ ብርድ ነው።