ማኅተም የሌለው እግር

ሥልጣኔ ምን እንደሆነ ባለፈው ክረምት በከተማችን ሐራ ገባኝ። ሥልጣኔ ማለት ከፍሎ መድከም ነው።

ያስረዳን ከውጭ ለእረፍት የመጣ የአገራችን ልጅ ነው። አክስቱ ቤት አቦሉ እንደተቀዳ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ አዞረልን። ጃፓን ሄዶ ኩማኖ የሚባለውን ጥንታዊ የተሳላሚ መንገድ በእግሩ ተጉዟል። ከሺህ ዓመት በላይ ንጉሡም ባላገሩም የረገጡት፣ በጫካ ውስጥ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ ነው። በየማረፊያው ማኅተም የሚመታበት ደብተር ይዟል። ጫማው ብቻ የወይፈን ዋጋ ነው። ሻንጣውስ? በመኪና ቀድሞት ሄዶ ማደሪያው ይጠብቀዋል። እኛ ሞኞቹ መኪናውን ብናገኝ ራሳችን እንሳፈርበት ነበር።

መንገዱን ዩኔስኮ በ1996 ዓ.ም. እንደመዘገበውም በኩራት ነገረን። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 መመዝገባቸውን አላነሳንበትም፤ እንግዳ አያሳፍሩም። አክስቱ ግን አላስቻላትም።

«ልጄ፣ ላሊበላንስ ተሳለምክ?»

«መንገዱ ያደክማል ሲሉኝ ተውኩት።»

አልፈረድንበትም። የእኛ አገር የእግር ጉዞ ሲበዛ ኋላ ቀር ነው። ለገና ላሊበላ ለመድረስ ቀናት የሚጓዘው ገበሬ ባዶ እግሩን ነው። ለመስከረም 21 የግሸንን አምባ የምትወጣው ባልቴት ስንቋን ራሷ አዝላ ነው። ዳና ለመውሊድ የሚሄደው ደረሳ መንዙማ እንጂ ማኅተም አያውቅም። የእነዚህ ሁሉ ጉዞ ማጣት ይባላል፤ የእንግዳችን ግን ሃይኪንግ።

ስለዚህ እንሠልጥን እላለሁ። ግሸን ላይ ማኅተም ይቀመጥ። ባልቴቷም ደብተር ትግዛ፤ ያላስመታች እንደሆነ ደግሞ እንደገና ትውጣ።

የእግር ጉዞ ከተባለማ ሐራ መች ታንሳለች? ከአዋሽ ይመጣል የተባለውን ባቡር እየጠበቀች ስንት ዘመን በእግሯ ስትሄድ የኖረች አገር ናት። በጭፍራ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ በደጃችን ያልፋል። ልጆቻችን የአፋርን በረሃ አቋርጠው ባሕሩ ዳር ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ደግሞ በእግር እስከ ሳዑዲ ድንበር። ኩማኖ የዚህን ሩብ አይሆንም። ሻንጣ የሚያስጨንቀው ተጓዥም የለም፤ ሻንጣ የለውማ።

ከሳዑዲ ተባሮ የመጣ አንድ ወጣት አብሮን ቡና ይጠጣ ነበር። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይቶ ሲጨርስ ስኒውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ለዚህ ጉዞ ስንት ከፈሉ?»

እንግዳው በዶላር ነገረው። ልጁ በልቡ ወደ ብር መንዝሮ ደነገጠ።

«ድንበሩ ላይ ይተኩሳሉ?»

«ኧረ የምን ተኩስ!»

«ታዲያ ሥራ አገኙ?»

«ለሥራ አይደለም የሄድኩት። መንገዱን ጨርሼ ተመለስኩ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ከልቡ ነው ያዘነለት።

«ይህን ሁሉ ከፍለው፣ ያን ሁሉ በእግርዎ ሄደው፣ ባዶ እጅዎን ከመለሱዎትማ፣ ጋሼ፣ ደላላው በልቶዎታል።»