የቡና ላይ ማዘዣ

ቁስቋም ሰፈር ውስጥ መድኃኒት ለማዘዝ ሕክምና መማር አያስፈልግም፤ አንዴ ጨጓራ መታመም ይበቃል። መድኃኒት ቤቱም ያለው ነጠላ ጫፍ ላይ ነው።

የሐኪሞቹ ትልቁ ጉባኤ ኅዳር 6፣ በቁስቋም ንግሥ ዕለት ይውላል። የጽጌን ጾም በሽሮና በጎመን የከረመ ሆድ፣ ከንግሡ መልስ ዶሮውን፣ ጥብሱንና ጠላውን በአንድ ከሰዓት ተቀብሎ ዝም እንዲል ይጠበቃል። ቶናው ላይ አንዷ ደረቷን ይዛ «አቃጠለኝ» ስትል የነጠላው ቋጠሮ ይፈታል። «እንቺ እቴ፣ ይቺን ዋጪ፤ እኔን ያዳነችኝ እሷ ናት!» ኦሜፕራዞል ነች። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድማ መዋጥ እንዳለባት፣ ለወራት ተውጣ በድንገት ስትቋረጥም ጨጓራ የቀረበትን አሲድ ከነወለዱ እንደሚያመነጭ የሚያነሣ የለም። ሌላዋ ሶዳ በጥብጣ ትመጣለች። ሸማኔው ጋሼ «ወተት ነው መድኃኒቱ» ይላሉ። እሳቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ ሲሸምኑ ለሚቆረጥማቸው ወገብ ዲክሎፌናክ እንደ ቆሎ ይቅማሉ፤ ጨጓራ ላጠ ተብሎ የሚከሰሰው ግን ሁልጊዜ በርበሬው ነው።

ጨጓራ አሲዱ አያንሰውም፤ ደም ግን ቁጡ ነው። ፒኤቹ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለችው ጠባብ መስመር እንዲቆይ ሳንባ በትንፋሽ፣ ኩላሊት በሽንት ሌት ተቀን ይለፋሉ። ሶዳው ሲበዛ ትርፉ ደም ውስጥ ገብቶ ሚዛኑን ወደ አልካላይን ይገፋል። አስፕሪን ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ መጀመሪያ ትንፋሽ ያፋጥንና ደሙን ከአሲድ ያራቁታል፤ ቀጥሎ ራሱ አሲድ ያከማችበታል።

የጋሼ ወተትና የጎረቤቷ ሶዳ በፈረንጅ አገርም ተሞክረዋል። የቺካጎው ሐኪም በርትራም ሲፒ በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ፣ ጨጓራው የቆሰለ ሰው በየሰዓቱ ወተትና ክሬም፣ መሐል መሐሉን ሶዳና የካልሲየም ዱቄት ይወስድ ነበር። ጨጓራው በረደ፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ ግን በራስ ምታት፣ በማስታወክና በኩላሊት ጉዳት ተያዘ። ሲፒ ቢያንስ ይመዝን ነበር፤ እኛ ጋ መለኪያው የቡና ማንኪያና የአጣጪው ርኅራኄ ነው።

አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ለጨጓራ ቁስል የጠረጠረውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ካስቆጣ ወዲህ የብዙው ቁስል መነሻ ባክቴሪያው መሆኑ ታውቋል። ይህን ቁስቋምም ሰምታለች፤ «ባክቴሪያው ነው» የቡና ላይ አዲስ ምርመራ ሆኗል። ሕክምናውም አለ፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከአሲድ መቀነሻ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 14 ቀን። በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ሲተው ግን የቀረውን ብቻን ውጦ መጨረስ ስስት ይመስላል፤ ጎረቤት እያለ?