«እስኪ ስለ ራስህ ንገረን»፦ በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ የተደረገ አጭር ጥናት

የቅጥር ቃለ መጠይቅ ማለት ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ሠራተኞች የአንድን ሥራ ፈላጊ ሲቪ ፊታቸው ዘርግተው፣ ሲቪው ላይ ያለውን በቃሉ እንዲወጣላቸው የሚጠይቁበት ሥነ ሥርዓት ነው።

የሥነ ሥርዓቱ መነሻ ማስታወቂያው ነው። «ብዛት፦ 1፤ ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ይላል። ስኬሉ ስንት እንደሆነ አይገለጽም። ዕጩው ፊታቸው ሲቀርብ ግን ኮሚቴው «ደመወዝ ስንት ትፈልጋለህ?» ይለዋል። ዕጩውም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ሲል ይመልሳል። በዚህም ሁለቱ ወገኖች ፍጹም መግባባታቸው ይረጋገጣል።

በመስክ ምልከታ እንደታየው ዕጩ በካኪ ፖስታው ይለያል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፋ ካለ የታላቅ ወንድሙ ነው። ኮሚቴው ፊት ማኪያቶ፣ ዕጩው ፊት ውሃ ይቀመጣል፤ ውሃውን ከፍቶ የጠጣ ዕጩ እስካሁን አልተገኘም። ከአባላቱ አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስልኩን ያያል። የእሱም ነጥብ ከሌሎቹ እኩል ይደመራል።

«ድክመትህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ተቀባይነት ያለው ድክመት «የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለው ነው። በዚህ ድክመት የሚሠቃዩት በሙሉ ሥራ አጦች መሆናቸው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» የሚለው ደግሞ በብዛት የሚቀርበው ለአንድ ዓመት ኮንትራት ነው።

ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን አጠናቅረው በ1998 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ለሁሉም ዕጩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በአንድ መለኪያ የሚታረም ቃለ መጠይቅ የወደፊት የሥራ ብቃትን የመተንበይ ኃይሉ 0.51 ነው። እንደመጣ የሚጠየቀው 0.38፣ የሥራ ልምድ በዓመት ሲቆጠር ደግሞ 0.18 አግኝተዋል። ከእጅ ጽሑፍ ብቃትን መገመት 0.02 ላይ ቀርቷል። ኮሚቴዎቻችን ይህን አላነበቡም የሚሉ አሉ፤ ሐሜት ነው። አንብበው 0.18ቱን ማስታወቂያው አናት ላይ ሰቅለውታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ እንዲታይ ይፈቅዳል። ሕግ አውጪው ሰውን ለማወቅ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ገምቶ ነበር። ኮሚቴው በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ከሁሉም ጥያቄዎች የትንበያ ኃይሉ 1 ሙሉ የሆነው ግን ወረቀት ሲሰበሰብ እንደ ዋዛ ጣል የሚደረገው ነው፦ «ማስታወቂያውን በምን አየኸው?» «በጋዜጣ» ያለ ዕጩ «እንደውልልሃለን» ይባላል። የሰው ስም የጠራ ደግሞ «እንዴት ነው፣ ደኅና ነው እሱ?» ይባላል።

ስለዚህ ጥናቱ አንድ ምክረ ሐሳብ ብቻ ያቀርባል፦ ይህ ጥያቄ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይዛወር። የኮሚቴው የሥራ ሰዓት ይቆጠባል፤ ባለጋዜጣውም ሌላ ማስታወቂያ ሳያልፍበት ይደርሳል፤ ኮቱም ለወንድሙ ሳይመሽ ይመለሳል።