ነፋሻ ሰርቪስ ቤት

ስድስት ኪሎ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚማር ሰው ቢያማርር ውለታ ቢስ ነው። ደላላው "ነፋሻ ቤት ነው" ሲል አልዋሸም፤ ነፋሱ በበሩ ሥር ገብቶ በጭቃው ስንጥቅ ይወጣል። የክረምቱ ዝናብም ይገባል፤ እሱ ግን አይወጣም። ኮርኒሱ ላይ የሚሯሯጡት አይጦች ከእኛ በፊት የገቡ ነባር ተከራዮች ናቸው፤ ኪራይ ስላልተጨመረባቸው ልንቀናባቸው አይገባም።

አከራያችን እትዬም ቢሆኑ ለጤናችን አሳቢ ናቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መብራት የሚያጠፉብን ለዓይናችን ብለው ነው። ምድጃ የከለከሉት ለሳንባችን፣ እንግዳ የከለከሉት ለትምህርታችን። ሌሊት ውሃ ስትመጣ ጀሪካን ተሸክሞ መሯሯጥ ደግሞ ስፖርት ነው፤ ጂም ቢሆን ይከፈልበት ነበር። (ለነገሩ እዚህም ይከፈልበታል።)

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። እትዬ አዋጁን በጣም ያከብሩታል፤ ከማክበራቸው የተነሳ አይነኩትም። በቃል ብቻ ነው የምንግባባው። "ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" ይሉናል፤ ሻንጣችንን እናወርዳለን። አንድ ሺህ ብር ስንጨምር ልጁ ይቀራል። ምስኪን፣ ዘንድሮ እንኳ ስንት በረራ ሰረዘ!